የኢንተርኔት ስልክና የቤተ ሰብ ጥንቃቄ

ነጋዴ ቃሉን ማክበር ይገባዋል ይባላል፤ ቃሉን ያከብር ዘንድ ግን አስቀድሞ ቃሉ ወደ ደንበኛው መድረስ አለበት። በማክሰኝት ገበያ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት የሚነግድ ቤተ ሰብ ደንበኛው በጎንደር ወይም በባሕር ዳር ሆኖ ዋጋ የሚጠይቀው በስልክ ነው። ከስልኮችም መካከል ድምፅን በኢንተርኔት የሚያደርሰው ስልክ ጥቅሙ ብዙ ቢሆንም ጠባቂ ይፈልጋል። ስለዚህ በገዛ ቤታችን ከደረሰው ነገር የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን መግለጥ መልካም መስሎ ታየን።

ባለቤታችን በዋናው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ሱቅ አላት። ባለፈው ክረምት፥ በአንድ ዓርብ ቀን፥ ነጭ ሽንኩርት ወደ ባሕር ዳር ለመላክ መኪና ተከራይታ ታስጭን ነበረ። ደንበኛዋ ግን በዚያ ዋጋው መውደቁን አይቶ ጭነቱን አቆዩት ለማለት ወደ ሱቁ ስልክ ደጋግሞ ደወለ፤ የሚመልስለትም አላገኘም። እርሱ የያዘው ቁጥር የሱቁን ብቻ ነበረና ሌላ መንገድ አልነበረውም። መኪናው ሄደ፤ ሽንኩርቱም በዝናም ርሶ በርካሽ ተሸጠ። ለልጆች ደብተርና ልብስ ታስቦ የነበረው ገንዘብም በዚሁ ቀረ።

እኛም ነገሩን ሳንመረምር መስመሩ ተበላሽቶ ነው ብለን በሌላ ሰው ላይ ፈረድን። ሥራችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነውና ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ከማንም ይልቅ እኛ ማወቅ ይገባን ነበረ። ማታ በገበታ ላይ ነገሩ ሲነሣ ታናሹ ልጃችን አንገቱን ደፍቶ፥ «አባዬ፥ የእጅ ስልኬን ቻርጅ ለማድረግ ብዬ የራውተሩን ሶኬት የነቀልሁት እኔ ነኝ፤ መልሼ መሰካቱን ረሳሁት» አለን። ልጁን አልቀጣነውም፤ ያ ሶኬት የሱቁ እስትንፋስ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረምና ጥፋቱ የእኛ ነበረ።

የስልክ ነገር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ገደማ፥ ስልክ ወደ አገራችን ገብቶ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ተዘርግቷል። በኋላ በየቤቱ የገባው ባለ ሽቦ ስልክ ለመናገሪያ የሚበቃውን ኃይል ከስልክ ጣቢያው በዚያው በሽቦው ያገኝ ስለ ነበረ፥ በቤት ውስጥ መብራት ቢጠፋም አፉ አይዘጋም ነበረ። የኢንተርኔት ስልክ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ድምፃችንን ብዙውን ጊዜ በአንድ ሴኮንድ 50 በሚሆኑ ትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ ይልካል፤ በዚያ ማዶ ያለው መሣሪያ ደግሞ በየተራቸው ሰብስቦ መልሶ ድምፅ ያደርጋቸዋል። ቁራጮቹ በመንገድ ቢጠፉ ቃል ይቈራረጣል፤ ቢዘገዩም ሁለቱ ተናጋሪዎች ባንድ ጊዜ እየጀመሩ ይጋጫሉ። ስለዚህም ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ ባያልፍ መልካም መሆኑን ይመክራል። ይህም ሁሉ የሚሆነው ራውተር የሚባለው ሳጥን መብራት እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የመብራት ነገር ነው። ራውተሩና ስልኩ የሚሰኩበት ሶኬት ለሌላ ሥራ እንዳይውል ይለይ። 12 ቮልትና 7 አምፒር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድነት 10 ዋት ቢወስዱ በሒሳብ ከ8 ሰዓት በላይ ያቆያቸዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ባትሪ እስከ መጨረሻው ሲሟጠጥ ስለሚጐዳ ግማሹን፥ ይኸውም 4 ሰዓት ያህል፥ ማሰብ ይበቃል። ባትሪውን ከማገናኘት በፊት በመሣሪያው ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት መመልከት ግዴታ ነው፤ የማይስማማ ኃይል መሣሪያውን ያቃጥላልና።

ሁለተኛው የኢንተርኔቱ አካፋፈል ነው። አንድ ንግግር በብዙው ዓይነት አሠራር ወደ መሄጃውም ወደ መመለሻውም 100 ኪሎ ቢት በሴኮንድ ያህል ይበቃዋል፤ ፊልም ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይውጣል። ስለዚህ ባለ ሙያ ጠርቶ ራውተሩ ለስልኩ ቅድሚያ እንዲሰጥ ማድረግ፥ ይህ ባይቻል የልጆችን ፊልም ሱቅ ከተዘጋ በኋላ ማድረግ ይገባል። ስልኩም በዋይፋይ ከሚሠራ ይልቅ በገመድ ቢያያዝ ይታመናል።

ሦስተኛው የምስጢር ቃል ነው። መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የምስጢር ቃል ሳይለወጥ ቢቀር፥ ሩቅ ያለ ሌባ ገብቶ በባለቤቱ ስም ወደ ውጭ አገር ሊደውል፥ ዕዳውም በባለ ሱቁ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደግሞም ስልኩ ለገዛ ሥራችን እንጂ፥ ያለ ፈቃድ ጥሪ ለሕዝብ የምንሸጥበት አይደለም፤ በ2004 ዓ.ም. ስለ ቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 የወጣውም እንዲህ ያለውን ነገር ለመከልከል ነው።

አራተኛው ሁለተኛ መንገድ ማዘጋጀት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱን ሁላችን እናስታውሳለን። አንድ በር ብቻ ያለው ቤት በሩ ሲዘጋ ሰውም አይገባበትም። ስለዚህ የሱቁ ቁጥርና አንድ ተራ የሞባይል ቁጥር በአንድነት በደረሰኙ ላይ ይጻፉ፤ ሱቁ ሳይመልስ ሲቀርም ጥሪው ወደ ሞባይሉ እንዲዞር አገልግሎት ሰጪውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የመጨረሻው ከሥራችን የተበደርነው መዝገብ ነው። አንድ ደብተር በስልኩ አጠገብ አንጠልጥለን ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የታየውን ጕድለትና የተደረገውን መፍትሔ እንጽፍበት ጀመርን። ሁለት ወር ሳይሞላ ደብተሩ መሰከረ፤ በመስመሩ ላይ ስናሳብበው ከኖርነው ጕድለት የሚበዛው ከቤታችን የተነሣ ሆኖ ተገኘ። በእውነት ከውጭ የመጣውንም ቀንና ሰዓቱን ጠቅሰን ስናመለክት ነገራችን ቶሎ ተሰማ።

ያ ሶኬቱን የነቀለው ልጃችን ዛሬ የደብተሩ ጸሓፊ እርሱ ነው። ጧት ሱቅ ሳይከፈት በሞባይል ወደ ሱቁ፥ ከሱቁም ወደ ሞባይል ደውሎ ድምፁ በሁለቱም ወገን መሰማቱን አረጋግጦ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ባለፈው ታኅሣሥ በአንድ ምሽት ያው የባሕር ዳር ደንበኛ የሽምብራ ዋጋ ሲጠይቅ መብራት ድንገት ጠፋ። ባለቤታችን ሻማ እያበራች ንግግሯን ሳታቋርጥ ዋጋውን ቈርጣ ጨረሰች፤ ደንበኛውም በወዲህ በኩል መብራት መጥፋቱን አላወቀም።