ሐዋሳና ሻሸመኔ፦ እህል ይጓዛል፣ ቤት አይጓዝም

ሐዋሳ፦ ከመሃል ከተማ ተነስቶ ጥቁር ውሃን የተሻገረ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ኦሮሚያ ክልል ይገባል። ሻሸመኔ ከሐዋሳ የምትርቀው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲዳማ ክልል መዲና በሆነችው ሐዋሳና በጎረቤቷ መካከል ኑሮ የሚረክሰው የት ነው? ነጋዴውም ደመወዝተኛውም የሚያነሳው ጥያቄ ነው።

የሁለቱ ከተሞች ወጪ በከፊል አንድ ነው። ብሩ አንድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ታሪፉም እንዲሁ። የነዳጅ ዋጋ የሚተመነው በፌዴራል መንግሥት በመሆኑ ልዩነቱ ከማጓጓዣ አያልፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከውጭ የሚገባው ዕቃ የተወደደው ለሁለቱም ነው።

እህሉና አትክልቱ ግን በመንገድ ይለያል። የአዲስ አበባ፣ የባሌ፣ የወላይታና የሐዋሳ መንገዶች የሚገናኙት ሻሸመኔ ላይ ስለሆነ የአርሲና የባሌ ስንዴ እንዲሁም ድንች ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው። ሐዋሳ ደግሞ ለሲዳማ ቆጮና ለሐይቋ ዓሣ ትቀርባለች።

ይህን ልዩነት የሚያጠብበው ነጋዴው ነው። ለአብነት ያህል አንድ ኩንታል ድንች ሻሸመኔ ላይ በ100 ብር ቢረክስና የመጫኛ፣ የማውረጃ፣ የመኪናና የደላላ ወጪ 70 ብር ቢሆን 30 ብር ይተርፋል። ትርፉን ያየ ሁሉ ሲጭን ልዩነቱ ወደ 70 ብር ይወርዳል። መንገድ ላይ ኬላ ሲበዛ ግን ወጪው ይጨምራል፣ ጭነቱም ያድራል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ሸማቹ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 በክልሎች መካከል የሚካሄደውን ንግድ የመምራት ሥልጣን ለፌዴራሉ መንግሥት መስጠቱም ያለ ምክንያት አይደለም።

የማይጫነው ቤት ነው። የክልል መሥሪያ ቤቶች፣ ዩኒቨርሲቲውና ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በሐዋሳ የኪራይ ፈላጊውን ቁጥር አብዝተውታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ ነበር። በዚህ ገቢ ለብቻ ቤት መከራየት ስለማይታሰብ ሠራተኞች አንዱን ክፍል ለብዙ ይጋሩታል።

ታዲያ ሐዋሳ እየሠሩ ሻሸመኔ መኖር ያዋጣል? መልሱ በስሌት ይገኛል። የአንድ ጉዞ ሒሳብ 50 ብር ነው ቢባል ደርሶ መልሱ 100፣ በ26 የሥራ ቀን 2,600 ብር ይሆናል። ባልና ሚስት ከተመላለሱ 5,200 ብር ነው። የኪራዩ ልዩነት ከዚህ ካነሰ ርካሽ የተባለው ቤት ርካሽ አይደለም፤ በመንገድ የሚያልቀው ሰዓትም ገና አልታሰበም።

የሚከራይ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ባለሀብት ደግሞ ሌላ ነገር ያስብ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 የፓርኩ ዋነኛ ድርጅት የነበረው ፒቪኤች ከሐዋሳ ለመውጣት ወሰነ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ደግሞ ኢትዮጵያ የአጎዋን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አጣች። በአንድ ቀጣሪ ሠራተኞች ላይ ብቻ ተስፋ አድርጎ የተሠራ ቤት ቀጣሪው ሲሄድ ባዶ ይቀራል። ድንች የጫነ ነጋዴ ገበያው ሲበላሽበት መኪናውን ወደ ሌላ ከተማ ያዞራል፤ ባለ ቤቱ ግን ይህ ዕድል የለውም።