የወንድም ብር ይቆይ

ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው ቢሮዬ የመጡ የአንድ ደንበኛ ጉዳይ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም። የሆቴል ሠራተኛ ናቸው፣ ገና ሃምሳ ያልሞላቸው። የክሬዲት ካርድ ዕዳቸው ወደ 30,000 ዶላር ነው። ወለዱ 24 በመቶ ስለሆነ በወር 600 ዶላር ለወለድ ብቻ ይሄዳል፤ ዋናው ዕዳ ንቅንቅ አይልም። ከባንኮቹ አንዱ ከሶ አስፈርዶ ደመወዛቸው መቆረጥ ጀምሯል። እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ ቀላል ነበር፤ ዕዳ የሚያሰርዘው የባንክራፕሲ ዓይነት፣ ቻፕተር 7፣ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

«ለዘመድ የከፈሉት ገንዘብ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ፊታቸው በራ።

«እሱንማ ጨርሻለሁ እህቴ። የወንድሜን 12,000 ዶላር ባለፈው ወር አስረክቤ ነው ወደ አንቺ የመጣሁት። ባንኩስ ይሁን፣ የወንድሜን ብር አልበላም።»

ገንዘቡን ያገኙት በቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ካጠራቀሙት የጡረታ ቁጠባ፣ ከፎር ኦ ዋን ኬይ ነው፤ 28,000 ዶላር ሙልጭ አድርገው አውጥተውታል። የተቀረው ለካርዶቹ ትንሹን ወርሃዊ ክፍያ ሲከፍሉበት ቆይቶ አልቋል።

ይህን ታሪክ ስሙና የብሩ መጠን እየተለዋወጠ ስለምሰማው ደክሞኛል። ሕዝባችን ዕዳ ሲያንቀው የሚከተለው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ዘመድ፣ ቀጥሎ ጓደኛና ዕቁብ፣ በመጨረሻ ባንክ። እንደ ሰው ካየነው የሚያስከብር ቅደም ተከተል ነው፤ በችግር ቀን የደረሰልንን አናስቀይምም። የባንክራፕሲ ሕግ ግን አበዳሪዎችን በዝምድና አይለይም። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለወላጅ ወይም ለሌላ የቅርብ ዘመድ የተከፈለን ዕዳ ለጉዳዩ የሚመደበው ባለአደራ መልሶ መጠየቅ ይችላል። ለባዕድ አበዳሪ ከሆነ ወደ ኋላ የሚቆጠረው 90 ቀን ነው። ለዘመድ ጊዜው የረዘመው ሰው ሊወድቅ ሲል መጀመሪያ የሚያድነው የራሱን ወገን መሆኑን ሕግ አውጪዎቹ ስለሚያውቁ ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ደግሞ ለወንድምየው ነው። እምቢ ካለ ይከሰሳል። ብሩን ለልጁ ትምህርት ወይም ለቤት ቀብድ አውጥቶት እንደሆነ ማንም አይጠይቀውም።

ስለዚህ ደንበኛዬ ሁለት መንገድ ቀረላቸው። አሁኑኑ ካመለከቱ ባለአደራው የወንድማቸውን በር ያንኳኳል። ዓመቱ እስኪሞላ ከጠበቁ ደመወዛቸው መቆረጡ ይቀጥላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕዳ የፌዴራሉ ሕግ የሚፈቅደው ጣሪያ ተቀናሾች ከወጡ በኋላ ከሚቀረው 25 በመቶ ድረስ ነው። መጠበቅን መረጡ። በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ሌላ የምመርጥ አይመስለኝም።

ከወንድማቸው ብር ይልቅ የሚቆጨኝ የጡረታው ገንዘብ ነው። በፎር ኦ ዋን ኬይ የተቀመጠ ቁጠባ ከአበዳሪ የተጠበቀ ነው፤ ባለአደራውም አይነካውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን በ1992 በማያሻማ ውሳኔ አጽንቶታል። ደንበኛዬ የመጣው ሁሉ ቢመጣ የማይነካባቸውን አንድ ገንዘብ በገዛ እጃቸው አውጥተው፣ በባንክራፕሲ ሊሰረዝ ለሚችል ዕዳ አዋሉት። ከዕድሜ በፊት በመውጣቱ 10 በመቶ ቅጣት አለበት፤ ሙሉው መጠን ደግሞ የዓመቱ ገቢ ተደርጎ ግብር ይጣልበታል። ሲወጣ የተያዘው 20 በመቶ ቅጣቱን፣ የፌዴራሉንና የሜሪላንድን ግብር አልሸፈነም። አሁን አዲስ አበዳሪ መጥቷል፤ የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ አይ አር ኤስ። የካርድ ዕዳ ይሰረዛል፣ የቅርብ ዓመት የገቢ ግብር ግን አይሰረዝም። ሰውየው ሊሰረዝ የሚችለውን ዕዳ በማይሰረዝ ለወጡት። ደግሞ እኮ ማንም አላስገደዳቸውም፤ «ባንክራፕሲ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው» የሚለውን ወሬ አምነው ነው።

ይህ ወሬ ከየት እንደሚነሳ አውቃለሁ። ባንክራፕሲ መግባት ቤት ፈርሶ፣ ስም ጠፍቶ፣ ዜግነት ተከልክሎ የሚያበቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የዜግነት ማመልከቻው ባንክራፕሲ ገብተህ ታውቃለህ ብሎ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ያልተከፈለ ግብር እንዳለ ነው። አሠሪም በዚህ ምክንያት ብቻ ሠራተኛውን ማባረር አይችልም። ቻፕተር 7 በክሬዲት ታሪክ ላይ 10 ዓመት ይቆያል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ለአምስት ካርድ ትንሹን ክፍያ እየከፈለ፣ አንዳንዴም እየዘለለ የሚኖር ሰው ክሬዲቱ ከወዲሁ ተጎድቷል።

ከአገር ቤት ጋር የተያያዘው ጉዳይማ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። ሕጉ አመልካቹ የትም ቦታ ያለውን፣ በማንም እጅ የተያዘውን ንብረት ሁሉ እንዲያስመዘግብ ያስገድዳል። ቦሌ ያለው ኮንዶሚኒየም በእርስዎ ስም ከሆነ ይጻፋል። በእህትዎ ስም ሆኖ ብሩ የእርስዎ ከሆነም ይነገረኝ። «እዚያ ያለውን እነሱ በምን ያውቃሉ?» የሚለኝን ሰው ጉዳይ አልይዝም። ቅጹ የሚፈረመው በመሐላ ነው፤ ንብረት መደበቅ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። ባለፉት 2 ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ ስጦታ ከተሰጠም ቅጹ ይጠይቃል፤ ለእናት የተላከውም ከዚያ አይወጣም። መላኩ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ መደበቁ ነው። ዕቁብም እንዲሁ፦ ዕጣ ከደረሰዎት ቀሪው ክፍያ ዕዳ ነው፣ ካልደረሰዎት የጣሉት ብር ሀብትዎ ነው፤ ሁለቱም ቦታ ቦታቸው ላይ ይሰፍራሉ።

ባንክራፕሲ ለሁሉም ይሆናል አልልም። ዕዳው ከገቢው አንጻር ትንሽ የሆነ፣ ወለዱ ቢቀነስለት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚጨርስ ሰው ለትርፍ ወደማይሠሩ የብድር አማካሪዎች ቢሄድ ይሻለዋል። በሬዲዮ «ዕዳዎን በግማሽ እንጨርሳለን» የሚሉትን ግን ይጠንቀቅ። በእነሱ በኩል ይቅር የተባለው ዕዳ እንደ ገቢ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል፤ በባንክራፕሲ የተሰረዘ ዕዳ ይህ አይደርስበትም።

ለወንድሙ ክብር ለሚጨነቅ ሰው ደግሞ ሕጉ ራሱ መንገድ ትቶለታል። የወንድሙን ብድር ከሌሎቹ ጋር በዝርዝሩ ያስገባል፤ መደበቅ የለም። ዕዳው በፍርድ ቤት ከተሰረዘ በኋላ፣ በፈቃዱ መልሶ ልክፈል ቢል የሚከለክለው የለም። ቻፕተር 7 አብዛኛውን ጊዜ በአራት ወር ገደማ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ከሚያገኘው ደመወዙ 12,000ውን ቀስ እያለ ቢከፍል ባለአደራው አይመለከተውም፣ ወንድሙንም ማንም አይከስም። ያው ብር፣ ያው ወንድም ነው፤ የሚለየው ቀኑ ብቻ ነው። ደንበኛዬ ብሩን ከማስረከባቸው በፊት ቢመጡ ኖሮ ይህን ነበር የምነግራቸው።

ወንድም ለባንክ ብድር አብሮ የፈረመ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የአመልካቹ ዕዳ ቢሰረዝም የፈራሚው አይሰረዝም፤ ባንኩ ፊቱን ወደ እሱ ያዞራል። ሌላው የባንክራፕሲ ዓይነት፣ ቻፕተር 13፣ የክፍያ ዕቅዱ እስካለ ድረስ ለቤተሰብ ፍጆታ በተወሰደ ብድር አብሮ የፈረመውንም ከባንኩ ሊያስጥለው ይችላል፤ በምላሹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በየወሩ መክፈልን ይጠይቃል። አብሮ የፈረመ ሰው ያለበት ደንበኛ በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላ ምንም ሳይነግረኝ፣ ይህን ይንገረኝ።