ለትምህርት ቤቱ የሚከፈለው ለወርቁ ሳይሆን ለመሰብሰቡ ይሁን

የተበላሸ ስልክ፣ ያረጀ ላፕቶፕና ያለቀ የፕሪንተር ቀለም መያዣ በተማሪዎች አማካይነት ከየቤቱ አሰባስቦ መሸጥና ገቢውን ለትምህርት ቤት ማዋል በአሜሪካና በአውሮፓ የቆየ ልማድ ነው። ለናይሮቢም የሚመች ይመስላል። ከተማዋ ፈቃድ ያላቸው ሪሳይክል ድርጅቶች አሏት፤ ውዳቂውም ሞልቷል። የዓለም የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ሪፖርት ባስቀመጠው ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ኬንያ 51 ሺህ ቶን ገደማ፣ ኢትዮጵያ ደግሞ 55 ሺህ ቶን ገደማ አውጥተዋል። በ2022 ዓለም ካወጣችው 62 ሚሊዮን ቶን ውስጥ በሥርዓት ተሰብስቦ ሪሳይክል የተደረገው 22.3 በመቶ ብቻ ነው፤ በአፍሪካ ድርሻው አንድ በመቶም አይሞላም። ተማሪ የሌለበት ሰፈር ስለሌለ፣ ከየመሳቢያው ውስጥ ተረስቶ የቀረውን ዕቃ ለማውጣት ከትምህርት ቤት የተሻለ መዋቅር ማግኘት ይከብዳል። ስለዚህ ሐሳቡን እደግፈዋለሁ። ሆኖም ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ በስህተት ከተመለሰ ትምህርት ቤቱ ሳይጠቀም ልጆቹ ይጎዳሉ።

ብዙ ሰው የሚጠብቀው ገንዘቡ ከወርቁ እንዲመጣ ነው። ከማዕድን ማውጫ የሚወጣ አንድ ቶን አለት ጥቂት ግራም ወርቅ ሲሰጥ፣ አንድ ቶን አሮጌ የእጅ ስልክ እስከ 300 ግራም ሊይዝ ይችላል ሲባል የሰማ ሰው በየቤቱ ሀብት እንደተቀበረ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስሌቱን እንሥራው። ባትሪው የወጣለት ስልክ 100 ግራም ይመዝናል ብንል አንድ ቶን ማለት 10 ሺህ ስልክ ነው። አምስት መቶ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ስልክ ቢያገኝ 50 ኪሎ፣ ማለትም ቢበዛ 15 ግራም ወርቅ ሰበሰበ። ወርቁን በግራም 100 ዶላር፣ ዶላሩን በ129 ሺሊንግ ብናስብ 193 ሺህ ሺሊንግ ገደማ ይሆናል። የኬንያ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ በመደበው የነፍስ ወከፍ ድጎማ፣ በዓመት 1,420 ሺሊንግ፣ ይኸው ትምህርት ቤት የሚደርሰው 710 ሺህ ነው። የወርቁ ዋጋ የድጎማውን ሩብ ያልፋል ማለት ነው፤ ድጎማው በሚዘገይበት ወቅት ለርእሰ መምህሩ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ችግሩ ይህ ገንዘብ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ የማይደርስ መሆኑ ነው። ወርቁን ከቦርዱ ለይቶ በንጽሕና የሚያወጣው በቤልጂየም ሆቦከን እንዳለው የዩሚኮር ፋብሪካ ያለ፣ በዓለም ላይ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ትልቅ ማቅለጫ ነው። እዚያ እስኪደርስ ለሚሰበስበው፣ ለሚፈታው፣ ኮንቴይነር ሞልቶ ለሚልከውና ለሚያቀልጠው ሁሉ ይከፈላል። ናይሮቢ ላይ ለሃምሳ ኪሎ ስልክ የሚሰጠው ዋጋ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። ደግሞም ዘንድሮ የተሰበሰበው ስልክ ከርሞ የለም።

ከዚህ የሚከፋው ነገር በኪሎ መክፈል የሚያስከትለው ባሕርይ ነው። ከተሰበሰበው ዕቃ ገዢ የሚሻማበት ቦርዱና የመዳብ ሽቦው ነው። እርሳስ ያለበት የድሮ ስክሪን መስታወት፣ ያበጠ የሊቲየም ባትሪ፣ እሳት እንዳይዘው ኬሚካል የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ግን የሚገዛው የለም፤ በአግባቡ ለማስወገድ ገንዘብ ይጠይቃል። ለብረቱ ብቻ የሚከፈለው ሰው ብረቱን ነቅሎ ሌላውን ይጥላል፣ ሽቦውንም መዳቡ ቶሎ እንዲወጣ ያቃጥለዋል። ናይሮቢ የዚህን ውጤት ታውቀዋለች። በ1975 የተከፈተውና በ2001 ሞልቷል የተባለው የዳንዶራ ቆሻሻ መጣያ ዛሬም የከተማዋን ቆሻሻ ይቀበላል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በመጣያው አቅራቢያ ከተመረመሩት 328 ልጆች ግማሹ በደማቸው የነበረው እርሳስ በወቅቱ ዓለም አቀፍ የአደጋ መስፈርት ከተባለው ላይ የደረሰ ወይም ያለፈ ነበር። እርሳሱ ሁሉ ከኤሌክትሮኒክስ መጣ ማለት አይቻልም፤ እዚያ የማይቃጠል ነገር የለምና። ነገር ግን ተማሪዎች በመፍቻ ቦርድ የሚነቅሉበት ትምህርት ቤት ይህንኑ አደጋ ወደ ራሱ ግቢ ማስገባቱ ነው። የትምህርት ቤቱ ሥራ ዕቃውን ሳይፈታ ተቀብሎ፣ መዝግቦና ቆልፎ ማስረከብ ላይ ማብቃት አለበት።

እንግዲህ ገቢው ከየት ይምጣ? የመጀመሪያው ምንጭ ዕቃው ሳይቀልጥ እንደገና መሥራቱ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ናይሮቢ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ የሆነው ምሳሌ አለ። ኮምፒዩተርስ ፎር ስኩልስ ኬንያ የተባለው ድርጅት በ2002 ሲቋቋም ሥራው ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን ከድርጅቶች ተቀብሎ፣ አድሶ ለትምህርት ቤቶች ማዳረስ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ያደላቸው ማሽኖች ራሳቸው አረጁ፤ እነርሱን የሚቀበልና የሚፈታ ማዕከል አስፈለገ። በዚሁ ምክንያት ከእርሱ የወጣው ዊ ሴንተር ዛሬ ከኬንያ ታዋቂ የኤሌክትሮኒክስ ሪሳይክል ማዕከላት አንዱ ነው። ቅደም ተከተሉ ብዙ ያስተምራል፤ መጀመሪያ ማደስ፣ መፍታት የመጣው በኋላ ነው። ለትምህርት ቤት ሦስትና አራት ዓመት የሚያገለግል የታደሰ ኮምፒዩተር በውስጡ ካለው ብረት ዋጋ ብዙ እጥፍ ያወጣል። ወላጅ ከሚሠራበት ድርጅት አሥር ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች ያመጣ ትምህርት ቤት ስልክ በኪሎ ከሸጠው የበለጠ አትርፏል፤ ያተረፈው ግን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ሊያወጣ ይችል የነበረውን ወጪ በማዳን ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። ትልቁ ክምችት በየቤቱ ሳይሆን በራሳቸው በትምህርት ቤቶቹ መጋዘን ሊሆን ይችላል። ኬንያ ከ2016 ጀምሮ በዲጂታል ትምህርት ፕሮግራሟ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታብሌትና ላፕቶፕ ለመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አከፋፍላለች። ባትሪ ከጥቂት ዓመት በኋላ እንደሚደክም የታወቀ ነው፤ የእነዚህ ዕቃዎች ማብቂያም በአንድ ወቅት ተከታትሎ የሚመጣ ነው። ሆኖም በ2015ቱ የመንግሥት ግዥና ንብረት ማስወገድ ሕግ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤት ንብረት በኮሚቴ ታይቶ በሥርዓቱ ካልተወገደ በስተቀር አይነካም። ሕጉ ለሌብነት በር ስለሚዘጋ ትክክል ነው። ለአንድ የተሰበረ ታብሌት ይህን ሁሉ ሂደት ማለፍ ግን የሚያዋጣ አይደለምና ዕቃው ተቆልፎበት ይቀራል። የትምህርት ሚኒስቴሩ የአንድ አካባቢ ትምህርት ቤቶች በአንድ ኮሚቴ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያስወግዱ ቢፈቅድ ቁልፉ ይከፈታል።

ሁለተኛውና ዘላቂው ምንጭ አስመጪውና አምራቹ የሚከፍሉት ነው። የኬንያ የ2022 ዘላቂ የቆሻሻ አያያዝ ሕግ አምራችና አስመጪ ገበያ ላይ ያዋሉት ዕቃ ካረጀም በኋላ ኃላፊነት እንዳለባቸው ይደነግጋል። ትምህርት ቤት የሚሰበስበው በእነርሱ ምትክ ስለሆነ የሚከፈለው ለአገልግሎቱ መሆን አለበት። ወርቅ ያለበትም የሌለበትም፣ ቦርዱም ባትሪውም፣ ሳይፈታ ለደረሰ ለእያንዳንዱ ዕቃ በቁጥር ይከፈለው። ያኔ ማንም ብረቱን ነቅሎ ሌላውን የሚጥልበት ምክንያት አይኖርም፤ ገቢውም የወርቅ ዋጋ በወጣና በወረደ ቁጥር አይናወጥም።

ይህ ታክስ በሌላ ስም ነው፣ የስልክ ዋጋ ይጨምራል የሚሉ አሉ። በ2024 የኬንያ የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ውስጥ የነበረው የአካባቢ ቀረጥ ኤሌክትሮኒክስንም ይነካ ስለነበር ሕዝቡ ከተቃወማቸው ነገሮች አንዱ ሆኗል፤ ረቂቁም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተነሥቷል። ቅሬታውን በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ከክፍያው የተወሰነው ወደ ገዢው መሸጋገሩ አይቀርም። ነገር ግን ወደ መንግሥት ካዝና ገብቶ የሚቀር ቀረጥና ዕቃውን ሰብሳቢ ዘንድ ተመልሶ የሚደርስ ክፍያ አንድ አይደሉም። የኋለኛውን ሰው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ጣሪያና መጽሐፍ ላይ ያየዋል። ትምህርት ቤት ከገባበት በጋሪና በማዳበሪያ የሚሰበስበው ድሃ እንጀራውን ያጣል የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። ለዚህ የሚሻለው ሰብሳቢዎቹ ተደራጅተው ከትምህርት ቤቱ ወደ ማዕከሉ የሚያጓጉዙት እነርሱ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ስለ ስርቆትም የሚነሣው ስጋት እውነት ነው። በጥር 2022 የኤሌክትሪክ ማማዎች ወድቀው አገሪቱ ጨለማ ከዋጣት በኋላ መንግሥት የቁርጥራጭ ብረት ንግድን ለወራት አግዶ ነበር። በኪሎ የሚገዛ ሰው ዕቃው ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። የመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ወላጅ ፈርሞ የሚያስረክበው ስልክ ግን ለሌባ አይመችም።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ቆራሌው ከየበሩ የሚሰበስበው፣ ምናለሽ ተራ ፈትቶ፣ ጠግኖና ቀጥቅጦ የሚሸጠው ዕቃ ውስጥ ኤሌክትሮኒክሱ እየበዛ መጥቷል፤ ሁሉም የሚገዛው ብረቱንና የሚሠራውን ክፍል ነው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶች መዋጮ በሚያሰባስቡበት በዚህ ጊዜ፣ ተማሪዎችን አሮጌ ስልክ አምጡ ከማለታቸው በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይያዙ፤ ዕቃውን ማን ይረከባል፣ ባትሪውንና መስታወቱንስ ይወስዳል ወይ፣ የሚከፍለው በኪሎ ነው ወይስ በቁጥር? ባትሪውን አልወስድም ከሚል ገዢ ጋር አይፈራረሙ።