የመንዝ ክምሮች የማን መቃብር ናቸው?

እንጅባራ ላይ የአገው ሽማግሌ የዘር ሐረግ ሲቆጥር መነሻው ላስታ ነው፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም እያሉ አገር የተካፈሉት ሰባቱ ወንድማማቾች ከዚያ መጡ ይባላል። የላስታዎቹ የዛጉዌ ነገሥታት አለት እያስፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያን በሚያሠሩበት ዘመን፣ ከእነሱ በስተደቡብ በመንዝና በወሎ ደጋ ከቤተ ክርስቲያንም ከመስጊድም ሥርዓት ውጭ ሙታኑን የሚቀብር ሌላ ሕዝብ ነበር።

መቃብሩ ከሩቅ ሲታይ ከእርሻ ተለቅሞ የተቆለለ ድንጋይ ይመስላል። ፈረንሳውያኑ ፍራንሷ-ዛቪዬ ፎቬልና ቤርትራን ፗሶኒዬ ቆፍረው በ2012 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ያሳተሙት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከአጽሙ ጋር ጥቁር ልስልስ ሸክላ፣ የብረት መሣሪያ፣ የመስታወትና የቀይ ድንጋይ ዶቃ አብሮ ተቀብሯል። መስታወቱ በንግድ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። እዚያ የተኛው እንግዲህ ተራ ገበሬ አይደለም፤ የሩቅ ነጋዴ ደጁን የሚያውቀው ጌታ ነው። በዚያ ደጋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከነማሰሮውና ከነጌጡ አይቀበርም ነበርና፣ ሃይማኖቱ የሁለቱም አልነበረም።

አጥኚዎቹ በመንዝ ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» አሉት፤ ዘመኑም ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሕዝቡ ራሱን ምን ብሎ ይጠራ እንደነበር፣ በምን ቋንቋ ይናገር እንደነበር የሚነግረን ጽሑፍ የለም። ለኖብያው ንጉሥ ጊዮርጊስ በተላከው የ10ኛው ክፍለ ዘመን ደብዳቤ ክርስቲያኑን መንግሥት ያወደመች ንግሥት አለች፤ ብዙዎች ዮዲት የሚሏት። እሷን ከእነዚህ ክምሮች ጋር ማገናኘት ያጓጓል፤ እኔ ግን ለአንድ ዶቃ ይህን ያህል ሸክም አላሸክመውም።

ባለቤቱ ያልታወቀ ሁሉ ለግራኝ ይሰጣል። ሶዶ ውስጥ ያለው፣ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጢያ ትክል ድንጋይ እንኳ በአካባቢው «የግራኝ ድንጋይ» ይባላል። ከሥሩ ግን መቃብር ወጥቷል፤ መቃብሩም ከግራኝ በመቶዎች ዓመታት ይቀድማል። በድንጋዩ ላይ ጎራዴ የተቀረጸው የሟቹን ጀግንነት ለመናገር ይሁን ለሌላ ምክንያት ዛሬም ያከራክራል።

የሻይ መቃብሮች አሠራር የሚጠፋው በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ ዓፄ ዓምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) የክርስቲያኑን ግዛት በሚያሰፉበት ጊዜ ነው። ሕዝቡ አልቆ ይሁን ተጠምቆ የሚለየው ገና ባልተነኩት ክምሮች ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ ለአጥር ይመቻል። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መቆፈርን ይከለክላል፤ በድንገት ያገኘም ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት። ያለ ፈቃድ የመቆፈር ጉዳቱ ዶቃው መሸጡ ብቻ አይደለም፤ በየትኛው አጽም አንገት ላይ፣ ከየትኛው ማሰሮ ጎን እንደነበረ አብሮ ይጠፋል፤ ዕድሜውን የሚለካ ባለሙያም የሚጀምረው ከዚያ ነው።