ከቃል ኪዳኑ መድረክ እስከ ግብዣው ጠረጴዛ፦ የሠርግ አበባ ሁለት ጊዜ እንዴት ያገለግላል?

በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ በሚደረጉ ሠርጎች አበባ የማይታይበት ሥፍራ ጥቂት ነው። ሙሽራዪቱ በእጇ ትይዘዋለች፤ መኪናው ይሸለምበታል፤ ሙሽሮቹ ቃል ኪዳን የሚገቡበት የቤተ ክርስቲያን መድረክ ያጌጥበታል። ከዚያም እድምተኛው ወደ አዳራሹ ወይም ወደ ድንኳኑ ሲያመራ ሌላ አበባ ይጠብቀዋል። በመድረኩ ላይ የቀረው ግን አገልግሎቱ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰዓት ሳይበልጥ ይጣላል። ለአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አበባ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ቀላል ወጪ አይደለም። ታዲያ የቤተ ክርስቲያኑን አበባ ለግብዣው ማዋል አይቻልም ወይ?

ይቻላል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ሞክረው አበባው በመንገድ ላይ ጠውልጎባቸዋል። ምክንያቱም ሰዓቱ ስለ ረዘመ ሳይሆን፣ በመካከሉ አበባው ውኃ አጥቶ ሙቀት ስለ በዛበት ነው። ጉዳዩን ለመረዳት በመጀመሪያ የተቆረጠ አበባ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ መመልከት ያስፈልጋል።

የተቆረጠ አበባ ሕያው ነው

አበባ ከተክሉ ሲለይ ወዲያውኑ አይሞትም። ሴሎቹ ይተነፍሳሉ፤ ማለትም ያከማቹትን ስኳር በኦክስጅን እያቃጠሉ ኃይል ያገኛሉ። በቅጠሎቹና በአበባው ገጽ በኩል ደግሞ ውኃ ሳያቋርጥ ይተናል። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥሩ የለም። ስለዚህ የሚተነውን ውኃ የሚተካለት በአገዳው ጫፍ በኩል የሚገባው ብቻ ይሆናል።

ውኃ በአገዳው ውስጥ ሽቅብ የሚወጣው ዛይለም በተባሉ እጅግ ቀጫጭን ቧንቧዎች ነው። ዲክሰንና ጆሊ የተባሉ ሁለት የደብሊን ሳይንቲስቶች በ1894 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ ከላይ ውኃ በተነነ ቁጥር እርስ በርሱ ተያይዞ የቆመው የውኃ ዐምድ ከታች ወደ ላይ ይሳባል። ዐምዱ ልክ እንደ ተወጠረ ገመድ ነው። አገዳው በአየር ላይ ሲቆረጥ ወይም ከውኃ ሲወጣ ገመዱ ይበጠስና አየር ወደ ቧንቧው ይገባል። ኋላ አበባው ወደ ውኃ ቢመለስ እንኳ የአየሩ አረፋ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል። የጽጌረዳ አንገት ባልዲ ሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሳለ የሚታጠፈው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ባልዲው ቆሻሻ ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያ ይራባና ያንኑ ቧንቧ ይደፍነዋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከአገዳው ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህሉን፣ ጫፉ ውኃ ውስጥ እንዳለ፣ በስለታም ቢላዋ እንደገና መቁረጥ ነው። አየር የያዘው ክፍል ይወገዳል፤ ወደ አዲሱ ጫፍ የሚገባውም ውኃ ይሆናል።

ሦስቱ የመንገድ ጠላቶች

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር የአበባው የትንፈሳ ፍጥነት በግምት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። ስለሆነም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ያለፈ አንድ ሰዓት በጥላ ካለፉ ብዙ ሰዓታት ጋር ይስተካከላል። ሆሳዕና ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት በመሆኗ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ይህም ለአበባ የሚመች ነው። ሆኖም የጥር ወር ሠርግ የሚውለው በበጋ ፀሐይና በደረቅ አየር ስለሆነ መዘናጋት አይገባም።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በአበባው ገጽ ዙሪያ እርጥበት ያዘለ ስስ የአየር ሽፋን አለ፤ ይህም ትነቱን ይገታል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ይህን ሽፋን ይገፈዋል። የሞተሩም ሙቀት በኮፈኑ በኩል ይጨመርበታል። ከዚህ የተነሣ በመኪና ላይ የታሰረ አበባ ለሁለተኛ ጊዜ ማገልገሉ አጠራጣሪ ነው። ለመኪናው ሪባንና ጠንካራ ቅጠል፣ ለመድረኩ አበባ መመደብ የተሻለ ነው።

ሦስተኛው በዓይን የማይታየው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኔልዩቦቭ በ1901 እ.ኤ.አ. ይህ ጋዝ የአተር ቡቃያዎችን እድገት እንደሚያዛባ አሳወቀ። በ1934 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው ጌን ተክሎች ራሳቸው ኤቲሊን እንደሚያመነጩ አረጋገጠ። የበሰለ ሙዝ ኤቲሊን ይለቃል፤ በመኪናና በጄኔሬተር ጭስ ውስጥም ይገኛል። በተለይ ካርኔሽንና ጂፕሶፊላ የተባሉት አበቦች በዚህ ጋዝ ቶሎ ይጎዳሉ። ስለዚህ አበባን ከፍራፍሬ ጋር አንድ ክፍል ማሳደር ወይም ከጄኔሬተር አጠገብ ማቆም አይገባም።

ዕቅዱ ከዋዜማው ይጀምራል

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ ሆሳዕና መናኸሪያ የሚደርስ አበባ አስቀድሞ ረጅም ጉዞ የተጓዘና የተጠማ ነው። እንደ ደረሰ አገዳው ተቆርጦ በንጹሕ ባልዲ፣ በቀዝቃዛና ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ ቢያድር የጎደለውን ውኃ ይሞላል። ባልዲው አስቀድሞ በበረኪና ታጥቦ በሚገባ መለቅለቅ አለበት። በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቢጨመር ስኳሩ ምግብ ይሆናል፤ የሎሚው አሲድ ደግሞ የባክቴሪያን መራባት ያዘገያል። በረኪናንና ሎሚን ግን ማደባለቅ ክልክል ነው፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ይችላልና።

በሠርጉ ዕለት ዋናው ደንብ አበባውን ሳይሆን ማስቀመጫውን ማዘዋወር ነው። የመድረኩ ጌጥ አንድ ትልቅ ክምር ከሚሆን ይልቅ ውኃ በያዙ ስምንት ወይም አሥር ትናንሽ ማስቀመጫዎች ተደርድሮ ቢሠራ፣ በግብዣው ላይ እያንዳንዱ ለአንድ ጠረጴዛ ይበቃል። ለዚህ ሥራ አስቀድሞ የተመደቡ ሁለት ሰዎች ሙሽሮቹ ፎቶግራፍ ሲነሡ አበባውን ያደርሱታል። የሙሽራዪቱም እቅፍ አበባ አገዳው እስከ ጫፉ ካልተጠቀለለ፣ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ውኃ ባለበት ብርጭቆ ገብቶ የሙሽሮቹን ጠረጴዛ ያስጌጣል። ቤተሰቡ አበባውን ለእሑድ አምልኮ ለመተው አስቦ ከሆነ ወይም በዚያው ቀን ሌላ ሠርግ ካለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አገልጋዮች ጋር ቀደም ብሎ መነጋገር ተገቢ ነው።

ያለ ውኃ የሚጓዝ አበባ ቢኖር የአካባቢው ሰው መፍትሔውን በጓሮው ይዞታል። ቆጮና ቅቤ የሚጠቀለልበት የእንሰት ቅጠል ሰፊና እርጥበት የሚይዝ ነው። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አገዳ ላይ ላላ አድርጎ ቢሸፈንበት ፀሐይንም ነፋስንም ይከላከላል።

ስለ አረንጓዴው ስፖንጅ

አበባ የሚሰካበት አረንጓዴ ስፖንጅ በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስሚዘርስ በተባለ ሰው የተፈለሰፈ ነው። ለአንድ ጊዜ አሰካክ ምቹ ቢሆንም ለዝውውር ሁለት ጉድለቶች አሉት። አበባው ተነቅሎ በዚያው ቀዳዳ ሲመለስ ከጫፉ ሥር አየር ይቀራል፤ ውኃም አይደርሰውም። ከዚህም በላይ የተሠራበት ፕላስቲክ በአፈር ውስጥ አይበሰብስም፤ ይልቁንም እየተፈረፈረ ደቃቅ ፕላስቲክ ይሆናል። አሸዋና ጠጠር የተጨመረበት ውኃ የያዘ ጣሳ ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል።

ከግብዣው በኋላ

ከግብዣው የተረፈው አበባ ሽቦውና ሪባኑ ተለይቶ ከጓሮ ቆሻሻ ጋር ቢከመር ብስባሽ ሆኖ እንሰቱን ያዳብራል። ለጌጥ የተመረተ አበባ ግን ፀረ ተባይ ኬሚካል የተረጨ ሊሆን ስለሚችል በኬክም ሆነ በማዕድ ላይ መነስነስ አይገባም።

ተማሪዎች ከላይ የተባለውን በቤተ ሙከራ ሊፈትሹት ይችላሉ። እኩል የሆኑ ሦስት ጽጌረዳዎችን በሚዛን መዝናችሁ ለሁለት ሰዓት ያለ ውኃ አቆዩአቸው። ከዚያም አንደኛውን በደረቁ ተዉት፤ ሁለተኛውን እንዳለ ውኃ ውስጥ አቁሙት፤ ሦስተኛውን ጫፉን ውኃ ውስጥ ቆርጣችሁ አቁሙት። በየሰዓቱ ውኃውን አራግፋችሁና ጠርጋችሁ መዝኑና በግራፍ አስፍሩ። የጠፋውን ክብደት የትኛው እንደሚያስመልስ ያየ ተማሪ፣ በቀጣዩ የዘመድ ሠርግ ላይ ባልዲና ቢላዋ ይዞ መገኘቱ ለቤተሰቡ ትልቅ እገዛ ነው።