ገደሉ የት ሄደ?

እሜት ጎጎ አፋፍ ላይ የደረሰ ሰው ለአፍታ ቃል ያጥረዋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,900 ሜትር ይበልጣል፤ ገደሉ ከእግር ሥር ቁልቁል ይወርዳል፣ ማዶ የስሜን ተራሮች አንዱ ከአንዱ ጀርባ ይደረደራሉ። ስልኬን አውጥቼ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ሳሳያት «ገደሉ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰማይ፣ ሣርና ቀጭን የተራራ መስመር ብቻ ነው።

ዓይናችን አጥርቶ የሚያየው እጅግ ጠባብ ቦታ ነው፤ ክንዳችንን ዘርግተን አውራ ጣታችንን ብናቆም፣ ከጥፍሩ ስፋት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ እየዘለለ ገደሉን፣ ጫፉን፣ ጥላውን ይለቅማል። አእምሮ የተለቀመውን ገጣጥሞ አንድ ግዙፍ ገጽታ ይሠራል፤ ያልሳበውን ይተወዋል። ካሜራ ግን አይመርጥም፤ ሣሩም ተራራውም ለእሱ እኩል ናቸው። መምረጥ ያለበት አንሺው ነው።

ምርጫው ከእግር ይጀምራል። ከፊቴ አራት ሜትር ላይ አንድ የጅባራ ተክል ቆሟል እንበል፤ ከጀርባው 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ተራራ አለ። ሁለት ሜትር ብጠጋ ጅባራው በእጥፍ ያድጋል። ተራራው ግን ባለበት ነው፤ ከ20 ኪሎ ሜትር ላይ ሁለት ሜትር ቢቀነስ ምን ይለውጣል? ዙም እንዲህ አያደርግም፤ የቅርቡንም የሩቁንም እኩል ያሳድጋል። እንግዲህ ሁለቱን እናጣምራቸው። ከጅባራው 12 ሜትር ድረስ ላፈግፍግና ዙሙን ሦስት እጥፍ ላድርገው። ጅባራው ፎቶው ላይ እንደ መጀመሪያው ቁመቱን ይዞ ይቆያል፤ ተራራው ሦስት እጥፍ ገዝፎ ከኋላው ይነሳል። ተራራ ለማግዘፍ ወደ ኋላ መሄድ! ይህን ያወቅሁ ቀን ፎቶ ማንሳት እንደ አዲስ የጀመርኩ ያህል ነው የተሰማኝ። (አፋፍ ላይ ግን ዞሮ ኋላን ሳያዩ አንድ እርምጃ እንኳ ማፈግፈግ አይገባም።)

ፎቶን ሦስት ቦታ ከፍሎ አድማሱን ከመስመሮቹ በአንዱ ላይ ማሳረፍ የሚለውን ምክር ሁሉም ያውቀዋል። ጆን ቶማስ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1797 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው የፎቶ ካሜራ ገና አልነበረም፤ የሚናገረው ስለ ሥዕል ነው። ለጀማሪ ይጠቅማል፣ ሕግ ግን አይደለም።

ከእሱ ይልቅ ብርሃንን እመክራለሁ። በእኛና በሩቁ ተራራ መካከል ያለው አየር ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አብልጦ ይበትናል፤ ተራራው በራቀ ቁጥር የሚፈዝዘውና ሰማያዊ የሚሆነው ለዚህ ነው። አእምሯችንም ፍዝዝ ያለውን «ሩቅ» ብሎ ያነበዋል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላው ያጥራል፣ ገደሉ ጠፍጣፋ ይመስላል። ማለዳ ከጎን ስትመጣ ግን እያንዳንዱ ሸንተረር የራሱን ጥላ ይጥላል።

ሌላ ቀን ጎህ ሳይቀድ እዚያው አፋፍ ተመለስኩ። ፀሐይ ስትወጣ አንድ ጭላዳ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጫፉ ላይ ይሞቃል። ራቅ ብዬ በርከክ አልኩ፤ የጎፈሩ ጠርዝ በብርሃን ነዷል፣ ከእሱ በታች ምንም መሬት አይታይም።