መድኃኒትን በሰውነት ውስጥ የሚያቆየው ፖሊመር



እህቴ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ተጠቃሚ ናት። ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኳ ይጮኻል፣ ክኒኗን ትውጣለች። ለሠርግ ገጠር የሄድን ጊዜ ግን ዘመድ እንዳያይ ብላ ሁለት ማታ ሳትወስድ ቀረች። «አንዴ ወስጄው ወር የሚያቆየኝ ቢኖር!» አለችኝ። እኔም ነገሩን ማጣራት ጀመርኩ።

ለመሆኑ ክኒን ለምን በየቀኑ ይወሰዳል? መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ጉበትና ኩላሊት ቀስ በቀስ ያስወግዱታል። መጠኑ ሲወርድ ቫይረሱ እንደገና የመራባት ዕድል ያገኛል።

እስቲ አንድ ማንኪያ ስኳርና አንድ ከረሜላ አስቡ። ስኳሩ አፍ ውስጥ ወዲያው ይጠፋል፤ ከረሜላው ግን ይቆያል። ሳይንቲስቶችም መድኃኒትን እንደ ከረሜላው የሚያቆዩበት ዘዴ አላቸው። አንዱ ፒ.ኤል.ጂ.ኤ. የሚባል ፖሊመር ነው። ፖሊመር ማለት ትናንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የዚህኛው ዶቃዎች ላክቲክ አሲድና ግላይኮሊክ አሲድ ናቸው። ላክቲክ አሲድ እርጎን የሚያኮመጥጠው አሲድ ነው፤ ስንሮጥ ጡንቻችንም ይሠራዋል።

መድኃኒቱ እንደ ዱቄት በደቀቁ የፖሊመር ቅንጣቶች ውስጥ ታሽጎ በመርፌ ይሰጣል። የሰውነታችን ውኃ ሰንሰለቱን ሲበጣጥሰው መድኃኒቱ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ፖሊመሩም በመጨረሻ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወገዳል። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ የተፈቀደ አንድ የፕሮስቴት ካንሰር መርፌ በዚህ ዘዴ ለአንድ ወር ይሠራል።

ኤች.አይ.ቪ.ስ? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 በወር አንዴ የሚሰጡት ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን ለሕክምና ተፈቀዱ። በ2025 ደግሞ በስድስት ወር አንዴ የሚሰጠው ሌናካፓቪር ለመከላከያ ተፈቀደ። እነዚህ በፒ.ኤል.ጂ.ኤ. የሚሠሩ አይደሉም፤ መድኃኒቶቹ ራሳቸው በቀላሉ ስለማይሟሙ ከተወጉበት ቦታ ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። በፒ.ኤል.ጂ.ኤ. የተያዙ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶችም በእንስሳት ላይ ተሞክረዋል።

ግን ልብ በሉ! መርፌም ቢሆን ቀጠሮ አለው። ቀጠሮው ካለፈ በደም ውስጥ የሚቀረው ጥቂት መድኃኒት ቫይረሱን መግታት ያቅተዋል፤ ቫይረሱም መድኃኒቱን ይለማመደዋል። ክኒን መዝለልም አደጋው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ስነግራት ሳቀች። «በል እንግዲህ፣ ሐኪሜ እስኪቀይርልኝ ስልኬ ይጩኽ» አለችኝ። አሁን ስልኩ ሲጮህ ውኃ የማቀብላት እኔ ነኝ። እናንተስ ቤት ማን ያቀብላል?